የዓይን ጉድፍ ዋጋው ስንት ነው?

ርዕሰ አንቀጽ

ኮልፌን ከአጣና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ይህንን ትርዒት ያውቀዋል። በመንገዱ ዳር የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆች ግራይንደራቸውን አስነስተው ብረት ሲቆርጡ ፍንጣሪው እስከ አስፋልቱ ይረጫል። መንገደኛው ፊቱን በእጁ ከልሎ ፈጠን ፈጠን ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ግን የሚያልፉበት የላቸውም፤ እንጀራቸው እዚያው ነው። አንዳንዱ የሥራ መነጽር አለው፤ አንዳንዱ ሰልባጅ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ይሠራል፤ የቀረው ደግሞ ዓይኑን ጨፈን፣ ፊቱን ዞር አድርጎ ራሱን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቶ ይቆርጣል።

ባለፈው ሰሞን ከነዚሁ ልጆች አንዱ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጎረቤት የሆነ ወጣት በያጅ፣ ግራ ዓይኑን በመሐረብ ሸፍኖ ማታ ላይ በራችንን አንኳኳ። የብረት ብናኝ የገባበት ከቀትር በፊት ነው። ጓደኞቹ በሶፍት ጫፍ ሞክረዋል። አንዱ በምላሱ፣ ሌላው ከአሮጌ ስፒከር በተነቀለ ማግኔት ሞክሯል። አልወጣም። ዓይኑ በርበሬ መስሎ ውኃ ያፈሳል። "ለምን በጊዜ አልታከምክም?" ብንለው የሰጠው መልስ ነው ይህንን ርዕሰ አንቀጽ ያስጻፈን።

"ጋሼ፣ ስንት እንደሚሉኝ አላወቅኩማ!"

ልብ በሉ፤ "ገንዘብ የለኝም" አላለም። ኪሱ ውስጥ የሠራበት ነበረ። የፈራው ዋጋውን አይደለም። የፈራው ዋጋውን አለማወቁን ነው። ሰው በአገሩ፣ በሰፈሩ፣ በገዛ ገንዘቡ ለመታከም እንደ ቁማርተኛ ዕድሉን መሞከር አለበት ማለት ነው?

ሲነጋ በአካባቢው ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ተያይዘን ሄድን። መጀመሪያ ካርድ ተባለ፤ ተከፈለ። ቀጥሎ የሐኪም ማያ ተባለ፤ ተከፈለ። ከዚያም አገጭን አስደግፈው ዓይንን በጠባብ ብርሃን አጉልተው በሚያዩበት፣ ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ ለመታየት ተባለና ሌላ ተከፈለ። ሐኪሙ ብረቱን አገኘው። ማደንዘዣ ጠብታ አድርጎ በመርፌ ጫፍ አነሣው። የታዘዘ ሻይ እስኪመጣ የሚወስደውን ጊዜ እንኳ አልወሰደም። እጁ ይባረክ፤ የልጁ ዓይን ተርፏል። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘብ ተቀባይዋ አራተኛውን ደረሰኝ ቆረጠች። ከፊተኞቹ ሦስቱ ድምር ይበልጣል። ደረሰኙ ላይ የተጻፈችው አንዲት ቃል ናት፤ "ፕሮሲጀር" ትላለች።

"እህቴ፣ ይሄ ፕሮሲጀር የሚለው ምንድን ነው?"

"የተሠራለት ነዋ!"

"ምን ተሠራለት?"

"እሱን ዶክተሩን ይጠይቁ።"

ዶክተሩን ጠየቅን። ጨዋ ሰው ነው፤ ፈገግ አለና "ዋጋውን የሚያወጣው አስተዳደሩ ነው፤ እኔ ያወጣሁት ብረቱን ብቻ ነው" አለን። አስተዳደሩን ፈለግን። አስተዳደሩ የለም፤ ከሰዓት ይመጣል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ለክትትል ሲመለስ እንደገና የሐኪም ማያ ክፈል ተባለ። ቁስሉን ያዩለት ግማሽ ደቂቃ ነው። በአጠቃላይ ለአንዲት ቅንጣት ብረት ከአንድ ሳምንት የቀን ገቢው የበዛው ሄዷል። ያም ሆኖ ምን እንደተሠራለት በወረቀት ላይ የሚነግረው የለም።

የክሊኒኩን ስም ያልጠራነው ፈርተን አይደለም። ጉዳዩ የአንድ ክሊኒክ ጉዳይ ስላልሆነ ነው። አንባቢያችን ኪሱን ወይም መሳቢያውን ይፈትሽ። ከሕክምና የመጣ ደረሰኝ ካገኘ ያንብበው። "ፕሮሲጀር"፣ "ሰርቪስ"፣ "ሕክምና"፣ "ልዩ ልዩ" ከሚሉት አንዱን ባያገኝ እኛን ይታዘበን።

ስም የሌለው ሥራ

ሰፈራችን ውስጥ ካለ ሱፐር ማርኬት አንድ ሳሙና የገዛ ሰው ከካሽ ሬጅስተሩ የሚወጣለት ወረቀት ሳሙናው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ፍሬ እንደሆነ፣ አንዱ ስንት እንደሆነ ይነግረዋል። ጎሚስታ ቤት ጎማ ያስለጠፈ ሰው ስንት ቦታ እንደተለጠፈለት በዓይኑ አይቶ ይከፍላል። ዓይኑን ያስነካ ሰው ግን ማየት አይችልም፤ የሚሠራው በራሱ ዓይን ላይ ነውና። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይላል የአገራችን ሰው። ዓይኑ በፋሻ ለታሸገ ሰውዬ ማን ይፍረድለት? ወረቀቱ ነበር መፍረድ የነበረበት።

ነገሩን ከሥሩ ካየነው የዋጋው መብዛትና ማነስ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስም ነው። ስም የሌለው ሥራ ዋጋ አይወጣለትም። ዋጋ ያልወጣለት ነገር አይነጻጸርም፤ ክርክርም አይነሣበትም። የጤና መድንም ቢሆን ስሙን ለማያውቀው ሥራ ሊከፍል አይችልም። "ፕሮሲጀር" ማለት በአማርኛ "አንድ ነገር ተደረገ" ማለት ነው። ለዚህማ ምስክር አያስፈልገንም፤ ገንዘባችን ከኪሳችን መውጣቱ በቂ ምስክር ነው።

"ያው ትንሽ ሥራ ናት፤ ምን ስም አስፈለጋት?" የሚል አይጠፋም። ትንንሽ የሚባሉትን የዓይን ሥራዎች እስቲ እንያቸው። ከዓይን ነጩ ላይ ወይም ከቆቡ ሥር ላይ ላዩን የተቀመጠን ጉድፍ በጥጥ መጥረግ አንድ ነገር ነው። በብሌኑ ላይ የተሰካን ብረት በመሣሪያ እያዩ በመርፌ መንቀል ሌላ ነገር ነው፤ እጅ ከተንሸራተተ ጠባሳው የዕድሜ ልክ ነው። በዓይን ቆብ ላይ የሚወጣውን እብጠት ሰንጥቆ መጥረግ ሌላ ነው። የተዘጋ የእንባ ቦይን ማስከፈት ሌላ ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈ የሽፋሽፍት ፀጉርን መንቀልም ሌላ ነው። ሙያው፣ መሣሪያው፣ አደጋው፣ የሚፈጀው ጊዜ ለየቅል ነው። ሁሉም ግን ካሸሯ ጋ ሲደርሱ አንድ ስም ይወጣላቸዋል።

በተለይ የመጨረሻውን እናንሣ፤ ብዙ እናቶች የሚሰቃዩበት ነውና። ዓይነ ማዝ የቆየበት ሰው የዓይኑ ቆብ ጠባሳ ይዞ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ፀጉሩም ብሌኑን ይፍቀዋል። ከገጠር መጥተው ኮልፌ ልጆቻቸው ዘንድ ከሚኖሩ እናቶች መካከል ወረንጦ ከመቀነታቸው የማይለይ አሉ፤ ፀጉሩን እየነቀሉ ለጥቂት ሳምንታት እፎይ ለማለት ነው። ክሊኒክ ሄደው የሚደረግላቸውም አንዳንድ ጊዜ ያው መንቀል ነው። የተነቀለ ፀጉር ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል። ቆቡን ቀድዶ ወደ ውጭ የማዞሩ ቀዶ ጥገና ግን የተለየ ሕክምና ነው። ሁለቱም ደረሰኝ ላይ "ፕሮሲጀር" ሲባሉ ምን ይፈጠራል? እማማ ቤታቸው ገብተው "ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነበር፤ ተመልሶ መጣብኝ" ይላሉ። ጎረቤታቸውም ይሰማል። ያቺ ጎረቤት እውነተኛው ቀዶ ጥገና የሚያድናት ብትሆን እንኳ ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት ዝር አትልም። አንዲት የተድበሰበሰች ቃል ዓይን ታጠፋለች የምንለው ለዚህ ነው።

ባሕር ማዶ እንዴት ያደርጉታል?

አሜሪካኖች ለዚህ ጣጣ መላ ካበጁለት ቆይተዋል። የሐኪሞቻቸው ማኅበር በ1966 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመው የሕክምና ሥራዎች መዝገብ አለ፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ለእያንዳንዱ የሐኪም ሥራ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ካሉ ወገኖቻችን መካከል ይህንኑ ቁጥር የመመደብ ሙያ ተምረው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት አሉ።

የእኛን በያጅ ወደዚያ ብንወስደው ሥራው ስም አያጣም። ከብሌን ላይ ባዕድ ነገር በስሊት ላምፕ እየታየ ከወጣ ቁጥሩ 65222 ነው። ያለዚያ መሣሪያ ከወጣ 65220 ነው። ብረቱ ብሌኑን ሳይነካ ከዓይን ነጩ ላይ ላዩን ከተነሣ ደግሞ 65205 ይሆናል። የእማማ ፀጉር በወረንጦ ከተነቀለ 67820 ነው። በማቃጠል ወይም በማቀዝቀዝ ሥሩ እንዲደርቅ ከተደረገ 67825 ነው። የቆብ ላይ እብጠት አንድ ከሆነ 67800፣ በአንዱ ቆብ ላይ ብዙ ከሆነ 67801፣ በተለያዩ ቆቦች ላይ ከሆነ 67805 ይባላል። አራቱ የዓይን ቆቦች እንኳ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ የግራ ላይኛው፣ የግራ ታችኛው፣ የቀኝ ላይኛው፣ የቀኝ ታችኛው ተብሎ ይጻፋል። በቀኝ ዓይን ታክሞ በግራ ዓይን ሒሳብ የሚጠየቅ የለም።

ከቁጥሮቹ በላይ ግን እኛን የሚጠቅመን የአከፋፈል ሕጋቸው ነው። በመንግሥት በሚከፈለው የአረጋውያን መድናቸው ደንብ መሠረት ጥቃቅን ለሚባሉ ሥራዎች የዕለቱ የሐኪም ማያ በሥራው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። ሐኪሙ ከዚያ ሥራ ውጪ ሌላ ራሱን የቻለ ምርመራ ካላደረገ በቀር ሁለት ሒሳብ አይጠይቅም። የቆብ እብጠት ከተጠረገ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የሚደረግ ክትትልም እንዲሁ የተካተተ ነው። ለትልቁ ለሞራ ግርዶሽ ቀዶ ጥገና ይኸው ጊዜ 90 ቀን ነው። ፀጉር ሲነቀልም የሚከፈለው በፀጉሩ ቁጥር አይደለም፤ አምስት ይነቀል አሥር ሒሳቡ አንድ ነው።

እንዲህ ስላልን አሜሪካን ገነት ነው ማለታችን አይደለም። እዚያም ቁጥሩ በዝቶ፣ ወረቀቱ ተቆልሎ፣ በሽተኛው የሒሳቡን ዝርዝር ማንበብ አቅቶት ሲማረር ይሰማል። ከአቅም በላይ የሆነ ሒሳብ በድንገት ቤቱ የሚመጣበት ሰው በመብዛቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጥር 2022 ጀምሮ አንድ ሕግ በሥራ ላይ አዋሉ። በዚህ ሕግ መሠረት መድን የሌለው ወይም በመድኑ የማይጠቀም ሰው ለቀጠሮ ሕክምና ግምታዊ ዋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጠዋል። እንግዲህ ቁጥሩ ብቻውን በሽተኛውን አላዳነውም፤ ዋጋውን ቀድሞ ማወቅም አስፈልጎታል። እኛ ሸክማቸውን ሳይሆን ብልሃታቸውን ነው መውሰድ ያለብን። በሺህ የሚቆጠር ቁጥር አያስፈልገንም። ለጥቃቅን የዓይን ሥራዎች በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ ዝርዝር ይበቃናል።

በአገራችንም ቢሆን መመዝገብ አልተለመደም አይባልም። በየጤና ተቋሙ በሽታው በስሙ ተመዝግቦ ወደ ላይ ይላካል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ መዝገብም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ 11ኛው ዕትም ላይ ደርሷል። ያ መዝገብ ግን የበሽታ መዝገብ ነው። በሽተኛው የሚከፍለው ለበሽታው አይደለም፤ ለተሠራለት ሥራ ነው። በሽታችን ስም ሲኖረው ሕክምናችን ስም አጣ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

"ሕግ የለም" እንዳይባል ሕግ አለ። በ1990 ዓ.ም የወጣው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ገንዘብ እዚያው አስቀርተው ለአገልግሎታቸው ማሻሻያ እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ። በሆስፒታሎች ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጪ በክፍያ የሚሰጠው የግል ሕክምና ክፍልም የዚያው ለውጥ ልጅ ነው። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዛል። የሥጋ ቤቱ ዋጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የዓይን ዋጋ መሳቢያ ውስጥ የሚደበቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

መድኑስ? የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው። ከደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ይዋጣል ተብሎ ደንብ ወጣለት። ከዚያ በኋላ ይጀመራል ሲባል ሲተላለፍ፣ ይጀመራል ሲባል ሲተላለፍ ዓመታት ነጎዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለው ግን በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፋ፤ ቆይቶም አዲስ አበባ ገባ። የኮልፌ እናቶች በዓመት አንዴ ከፍለው መታወቂያውን ይዘዋል። መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ደሃ አድኗል። መልካሙን መልካም ማለት ነውር የለበትም።

የእኛ በያጅ እናትም ይኸው መታወቂያ አላቸው። ታዲያ ልጃቸው ለምን ከኪሱ ከፈለ? ምክንያቱም መድኑ ውል የሚገባው በአብዛኛው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ሪፈር ይጻፋል። ከዚያ የዓይን ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ይኬዳል። ከዚያ ወረፋ ነው። ሥርዓቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ለጉንፋን ሁሉ ሆስፒታል እንዳይጨናነቅ የተበጀ ነው። ዓይኑ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ግን ሪፈር እስኪጻፍ ብረቱ አይጠብቀውም። ብረት በብሌን ላይ ሲያድር ዝገቱ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል፤ ማውጣቱም ይከብዳል። ጤና ጣቢያው መርፌና ማደንዘዣ ጠብታ ቢኖረው፣ የሠለጠነ ሰውና መሣሪያ ቢመደብለት፣ ይህ ሥራ በመድኑ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ቢገባለት እዚያው ባለቀ ነበር።

ሌላም ቀዳዳ አለ። በማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ የሥራ ላይ ጉዳት በሌላ ሕግ የሚሸፈን ነው ተብሎ ከመድኑ ውጪ ተደርጓል። ያ ሌላ ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳትም የሕክምና ወጪውን እንዲሸፍን ያስገድዳል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። የኮልፌው ግራይንደር ያዥ ግን አሠሪው ማን ነው? ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው፣ ከነገ ወዲያ ለራሱ ነው የሚሠራው። ውል የለውም፤ ፔሮል ላይ ስሙ የለም። አሠሪ ያለው እንኳ "ክፈልልኝ" ቢል ምን ይዞ ይጠይቃል? "ፕሮሲጀር" የምትል ወረቀት ይዞ? አሠሪው "ምን ፕሮሲጀር? ጥርስህን ነው ዓይንህን?" ቢለው መልስ የለውም። ደረሰኙ ላይ "ከግራ ዓይን ብሌን የብረት ብናኝ ማውጣት" ተብሎ ቢጻፍለት ግን ያ ወረቀት ማስረጃ ይሆነው ነበር።

የሚከፈለው በዓይን ነው

"ለአንዲት ጉድፍ ይህን ያህል መጯጯህ ምን ያስፈልጋል?" የሚለን ካለ በ1998 ዓ.ም የተካሄደውን ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት እናስታውሰው። በዚያ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ግማሽ ያህሉ ዓይኑ የጠፋው በሞራ ግርዶሽ ሲሆን 11.5 በመቶው ደግሞ ዓይነ ማዝ ባስከተለው የብሌን ጠባሳ ነው። ከጎልማሶች 3.1 በመቶው ፀጉሩ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ነበር። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጀምበር አልታወሩም። ትንሽ ሕክምና በጊዜው ቢያገኙ የሚተርፉ ነበሩባቸው። የተፋቀ ብሌን ይቆስላል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ሲድን ነጭ ጠባሳ ትቶ ይድናል። በዚያ ጠባሳ ውስጥ ብርሃን አያልፍም።

የኮልፌ ሰው ይህንን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሲገፉ ኖረው የተጠጉበት ሰፈር ነው። ሆስፒታሉ በ1920ዎቹ ተመሠረተ፤ ዛሬ አለርት የምንለው ማዕከልም በ1958 ዓ.ም እዚያው ተቋቋመ። ሥጋ ደዌ ነርቭን ሲጎዳ የዓይን ቆብ መክደን ያቅተዋል። ብሌኑም ስሜት ያጣል፤ ጉድፍ ቢገባ አይሰማም። የማይሰማው ሰው አይጮኽም፤ ሳይጮኽ ዓይኑ ይጠፋል። የእኛ በያጅ ግን ሥጋ ደዌ የለበትም፤ ሕመሙ እስከ አጥንቱ ይሰማዋል። እሱን አፉን ያስያዘው ዋጋውን አለማወቁ ነው። የነርቩን ሙያተኞች ያክሙታል። ይህንን ግን ማን ያክመው?

ለሐኪሞቻችንና ለክሊኒክ ባለቤቶች

ይህንን ስንጽፍ ሐኪሞችን ሌባ ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልን። ስሊት ላምፕ ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። የቤት ኪራዩ፣ የነርሷ ደመወዝ፣ ግብሩ፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ነዳጅ አለ። የዓይን ሐኪም የሚከፈለው ለአምስት ደቂቃው አይደለም፤ ያቺን አምስት ደቂቃ በሰላም ለመጨረስ ለተማረባቸው ዓመታት ነው። በርካሽ ይሠራ ብንል ሙያተኛው ይሄድና ሜዳው ለማግኔትና ለምላስ ይቀራል። እኛ ዋጋው ይቀነስ አላልንም፤ ዋጋው ይታወቅ ነው ያልነው። ቢሮክራሲ ዋጋ ሲተምን ምን እንደሚከተል በስኳርና በዘይት አይተነዋል።

እንዲያውም ግልጽነቱ ለሐቀኛው ክሊኒክ ነው የሚጠቅመው። ዛሬ በሐቅ የሚያስከፍለውም፣ የሚገፈውም በአንድ "ፕሮሲጀር" ሥር ተጋርደው ይኖራሉ። በሽተኛው መለየት ስላልቻለ ሁሉንም እኩል ይጠረጥራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ ከሐኪሙ ይልቅ የደላላ ምክር ይሰማል። ይህ ለሙያውስ ክብር ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ በእያንዳንዱ የዓይን ክሊኒክ የካርድ ክፍል መስኮት ላይ የጥቃቅን ሥራዎች ስምና ዋጋ በአማርኛ መለጠፉን ያረጋግጥ። ዋጋውን ክሊኒኩ ያውጣው፤ ስሙ ግን በከተማው ሁሉ አንድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ ላይ የተሠራው ሥራ በስሙ፣ የተሠራበት ዓይንም ቀኝ ወይም ግራ ተብሎ ይጻፍ። ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ለገንዘብ ተቀባይዋ የአንድ ገጽ ዝርዝር መስጠት ብቻ በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ በሥራው ዋጋ ውስጥ ምን እንደተካተተ አስቀድሞ ይነገር። የዕለቱ የሐኪም ማያ ገብቷል ወይስ አልገባም? ክትትሉስ ለስንት ቀን ነው? ራሱ ሐኪሙ "በሦስተኛው ቀን ተመለስ" ላለው ሰው እንደ አዲስ በሽተኛ ማስከፈል ሰውየውን አትመለስ ማለት ነው። ያልተመለሰ ሰው ደግሞ ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሚያይለት የለም።

አራተኛ፣ የጤና መድኑ እነዚሁኑ ስሞች በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ ጤና ጣቢያዎች እንዲሠሩት ያመቻች፤ ጤና ጣቢያው የማይችለው ከሆነ ደግሞ አስቸኳይ የዓይን ጉዳት የሪፈር ሰልፍ ሳይጠብቅ የሚስተናገድበትን በር ይክፈት።

ከነዚህ አንዱም ብድር የሚያስፈልገው፣ ፈረንጅ አማካሪ የሚጠራበት ነገር አይደለም። የሚጠይቀው ፈቃደኝነት ነው። ለሕዝብ ቆሜያለሁ የሚል አስተዳደር ከዚህ የቀለለ ሥራ ከየት ያገኛል?

አንባቢዎቻችንም የበኩላችሁን አድርጉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚባለው ተረት ለክሊኒክ መስኮት አይሠራም፤ እዚያ ዝም ያለ ሰው ኪሱ ነው የሚገባበት። ከመታከማችሁ በፊት "የሚሠራልኝ ምን ይባላል? ዋጋው ስንት ነው? ክትትሉስ ተካትቷል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከታከማችሁ በኋላ ስሙን ጻፉልኝ በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ተጠይቆ መልስ የሌለው ላይ ነው። ይህን ብላችሁ ግን በሕመም ጊዜ አትዘግዩ፤ ዓይን ቀጠሮ አይሰጥም።

በያጁ ዳነ፤ በማግስቱ ሥራው ላይ ነበር። ካሸሯ የሰጠችውን ደረሰኝ ግን አልጣለውም። የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፎታል። "ለምን?" ብንለው "ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ጓደኛዬ ዓይኑ ቢነካ ስንት እንደሚጠይቁ ላሳየው ነው" አለን። መንግሥትና ክሊኒኮች ያልለጠፉትን የዋጋ ዝርዝር አንድ ግራይንደር ያዥ በሳጥኑ ክዳን ላይ ለጠፈው ማለት ነው።

የሚያሳዝነው እዚያም ላይ የተጻፈው "ፕሮሲጀር" ብቻ መሆኑ ነው።